ጄ.ፒ. ዱታን "ጦር ናፋቂ" ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን ስለ ህንዳዊው ዳይሬክተር ጄ.ፒ. ዱታ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰዎች ልከውልኛል። ሦስቱም እንደኔ የህንድ ፊልም እያዩ ያደጉ ናቸው። አንዱማ "ያሳደገን ሰውዬ ጉዱ ወጣ" የሚል አጭር መልእክት ጨምሮበታል። ጽሑፉን ሁለቴ አነበብኩት። በደንብ የተጻፈ ነው። አንዳንድ ቦታ ላይም ልክ ነው። ዋናው ነገር ላይ ግን ተሳስቷል ብዬ አምናለሁ፤ ስህተቱም ዝም ብለው የሚያልፉት ዓይነት አልሆነልኝም።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ዱታ የአንድ ፊልም ሰው ነው ይላሉ። እሱም በ1971 የህንድና የፓኪስታን ጦርነት ላይ ስለተደረገ አንድ ውጊያ የሠራው "ቦርደር" ነው፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ የረባ ነገር የለውም። ሁለተኛ፣ ፊልሞቹ ጦር ናፋቂ ናቸው፣ ተመልካቹን ፓኪስታንን እንዲጠላ ያለማምዳሉ ይላሉ። ሦስተኛ፣ "ቦርደር" እውነተኛ ታሪክ ነኝ እያለ ታሪክ ያጣምማል፤ በተለይ አየር ኃይሉ የሠራውን ሥራ ለእግረኛው ሰጥቷል። አራተኛ፣ ፊልሞቹ ውስጥ ሴቶች ከማልቀስ ሌላ ሥራ የላቸውም። አምስተኛ፣ "ኤልኦሲ ካርጊል" እና "ፓልታን" መውደቃቸው ዘመን እንዳለፈበት ያሳያል፤ ዛሬ ህንድን ላጥለቀለቁት ጯሂ የጦርነት ፊልሞችም መንገድ የጠረገው እሱ ነው ይላሉ።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላንሳና ልለፍ። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ጽሑፉ መግቢያው ላይ "ቦርደር" በተከፈተበት ቀን፣ ጁን 13 ቀን 1997፣ ዴልሂ በሚገኘው ኡፕሃር ሲኒማ 59 ሰዎች መሞታቸውን ይጠቅስና ፊልሙን "በደም የተከፈተ" ይለዋል። እውነት ነው፣ ሰዎቹ የሞቱት ፊልሙን እያዩ ነው። የገደላቸው ግን ሕንፃው ውስጥ ከነበረ ትራንስፎርመር የተነሳው እሳትና ጭስ፣ የተዘጋ መውጫ እና ቸልተኝነት ነው። የሲኒማ ቤቱ ባለቤቶች ፍርድ ቤት ቀርበው ጥፋተኛ ተብለዋል። ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆች ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሰዋል። የእነዚህን ሰዎች ሐዘን የፊልም ትችት ማሟሻ ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም።

"የአንድ ፊልም ሰው" ከሚለው ልጀምር።

ዱታ በ1949 ቦምቤይ ተወለደ። አባቱ ኦ.ፒ. ዱታ የፊልም ጸሐፊ ነበሩ፤ ለልጃቸው ፊልሞችም ንግግሩን ይጽፉ ነበር። "ቦርደር" ሲወጣ ዱታ 47 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት ከአሥር ዓመት በላይ ፊልም ሠርቷል። የሠራውም ስለ ጦርነት አልነበረም።

"ጉላሚ" የወጣው በ1985 ነው። ትርጉሙ ባርነት ማለት ነው። ቦታው በረሃማው የህንድ ግዛት ራጃስታን ነው። መሬቱ የባለርስቶች ነው። ገበሬው ዕዳ ውስጥ ተወልዶ ዕዳ ውስጥ ይሞታል። ዘሩ ዝቅ ያለ ነው የተባለ ሰው ባለርስት ፊት ቀና ብሎ አይሄድም። ዳርሜንድራ ይሄን አልቀበልም የሚል የገበሬ ልጅ ሆኖ ይሠራል። ናሲሩዲን ሻህ፣ ሚቱን ቻክራቦርቲ እና ስሚታ ፓቲልም አሉበት። "ዚሃሌ ሚስኪን" የሚለው ዘፈን ትዝ የሚለው አንባቢ አይጠፋም። ግጥሙን የጻፈው ጉልዛር ነው፤ መነሻው ግን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የኖረው አሚር ኩስሮ ግጥም ነው። እኛ ልጆች ሂንዲ አንችልም። "ምስኪን" የምትለዋን ቃል ግን እናውቃታለን። እሷን ይዘን ሌላውን እያጉረመረምን እንዘፍነው ነበር።

ከዚያ "ባትዋራ" መጣ፣ በ1989። ክፍፍል ማለት ነው። ህንድ ነጻ ከወጣች በኋላ የባለርስት ሥርዓት ሲፈርስ፣ እንደ ወንድም የኖሩ ወዳጆች በዘርና በመሬት ሲለያዩ ያሳያል። በዚያው ዓመት "ሃትያር"ን ሠራ። መሣሪያ ማለት ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ጠመንጃ የሚማርከው ልጅ ቦምቤይ ገብቶ፣ ያው የወደደው መሣሪያ ሲበላው የሚያሳይ ፊልም ነው። "ጦር ናፋቂ" የተባለ ዳይሬክተር እንዲህ ያለ ፊልም ከየት አመጣው? በ1993 ደግሞ "ክሻትሪያ"ን ሠራ፤ የማይታረቁ ሁለት የመሳፍንት ቤቶች ታሪክ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሰውየው ገና የአገር ድንበር ሳይደርስ ስለ ድንበር ሲሠራ ነበር። የመሬት ድንበር፣ የዘር ድንበር፣ በሁለት ቤቶች መሃል ያለ የቂም ድንበር። አንድ አፈር ላይ ያደጉ ሰዎች በመሃላቸው መስመር ሲሰመር ምን ይሆናሉ የሚለው ጥያቄ ነው የሚያብሰለስለው። የራጃስታንን በረሃም ለ"ቦርደር" ብሎ ድንገት አላገኘውም። አሸዋውን፣ የማለዳ ብርሃኑን፣ የመንደሮቹን ጭቃ ቤቶች ከአሥር ዓመት በላይ ሲቀርጻቸው ኖሯል። "ቦርደር" ውስጥ ያ በረሃ እንደዚያ የሚያምረውና የሚያስፈራው ለዚህ ነው።

የምቀበለው ነገር አለ። ከነዚህ ፊልሞች አንዱም የ"ቦርደር"ን ያህል አልተወደደም። በ2006 የሠራው "ኡምራኦ ጃን" ደግሞ ደካማ ነው። ሙዛፋር አሊ በ1981 ከሬካ ጋር የሠራው ሌላ "ኡምራኦ ጃን" ስላለ ሰው ሁሉ አወዳደረ፤ ዱታም ተሸነፈ። ይሄ ላይ ከጸሐፊው ጋር አልከራከርም። ግን አንድ ትልቅ ፊልምና ብዙ መካከለኛ ፊልም ያለው ሰው እና ከአንድ ፊልም በቀር የሚናገረው የሌለው ሰው አንድ አይደሉም።

ወደ ታሪክ ማጣመሙ ልምጣ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል።

"ቦርደር" የሚያሳየው የሎንጌዋላ ውጊያ የተካሄደው በ1971 ዲሴምበር 4 ሌሊት እና በማግስቱ ነው። ከፑንጃብ ሬጅመንት 23ኛ ሻለቃ አንድ ሻምበል፣ 120 ያህል ሰው፣ በሻለቃ ኩልዲፕ ሲንግ ቻንድፑሪ እየተመራ በረሃው ላይ ያለች የጥበቃ ጣቢያ ይዟል። ከማዶ የመጣው የፓኪስታን ጦር ከሁለት ሺህ ሰው በላይ ነው፤ ወደ 40 የሚሆኑ ታንኮችም አሉት። ከጃይሳልመር የሚነሱት ሃንተር የሚባሉ ተዋጊ አውሮፕላኖች በጨለማ መዋጋት አይችሉም ነበር። ስለዚህ ሻምበሉ እስኪነጋ መቆየት አለበት። ሲነጋ አውሮፕላኖቹ መጡና ታንኮቹን ሜዳ ላይ አገኟቸው። ከአየር ላይ የተነሳ አንድ ታዋቂ ፎቶ አለ፤ አሸዋው ላይ የታንክ ዱካ እየተጠማዘዘ ሲዞር ይታያል። ከአውሮፕላን ለማምለጥ የተዞረ መዞር ነው።

ጸሐፊው "ፊልሙ የአየር ኃይሉን ድርሻ ደበቀ" ይላሉ። አልደበቀም። ፊልሙን ያየ ሰው ይመስክር። ጃኪ ሽሮፍ የአየር ኃይል አዛዥ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ሰዓቱን እያየ ሲንቆራጠጥ ነው የምናየው። የፊልሙ ጭንቀት ራሱ "መቼ ነው የሚነጋው?" የሚል ነው። መጨረሻ ላይ ታንኮቹን የሚጨርሱት አውሮፕላኖቹ ናቸው። እንዴትስ ይደብቃል? የዱታ ወንድም ስኳድሮን ሊደር ዲፓክ ዱታ የአየር ኃይል ሰው ነበር። በ1987 በሚግ አውሮፕላን አደጋ ሞቷል። የሎንጌዋላን ታሪክ ለዱታ ያወራው ይሄው ወንድሙ ነው፤ "ቦርደር"ም የተሰጠው ለእሱ መታሰቢያ ነው።

ጸሐፊው ያላነሱት፣ እኔ ግን የማነሳው ከዚህ የከፋ ስህተት አለ። ፊልሙ ውስጥ ከዋናዎቹ ሰዎች ብዙዎቹ ይሞታሉ። በእውነተኛው ውጊያ ከህንድ ወገን የሞቱት ሁለት ወታደሮች ናቸው። ከሁሉ የሚከብደኝ የባይሮን ሲንግ ነገር ነው። ሱኒል ሼቲ የሠራው ድንበር ጠባቂ ማለት ነው፤ በሠርጉ ሌሊት ሙሽራውን ጥሎ የሚሄደው። ፊልሙ ውስጥ ይሞታል። እውነተኛው ባይሮን ሲንግ ራቶር ግን አልሞቱም። ሜዳልያ ተሸልመው፣ ጡረታ ወጥተው፣ ራጃስታን ውስጥ መንደራቸው ኖረዋል። ያረፉት በ2022 ዲሴምበር ነው። ፊልሙ ከገደላቸው በኋላ 25 ዓመት ማለት ነው። የአንድን ሰው ስም ከወሰድክ፣ ባለስሙም በሕይወት ካለ፣ አትገድለውም። ሌላ ስም መስጠት ይቻል ነበር። ይሄ የዱታ ጥፋት ነው።

ግን ይሄ ጥፋት የጸሐፊውን ክስ ይደግፋል ወይስ ያፈርሳል? ለአፍታ እንደ ፕሮፓጋንዳ ሠሪ አስቡ። በእጃችሁ ያለው እውነት "መቶ ሃያ ሰው ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ከነታንኩ መለሰ፣ የሞተበትም ሁለት ሰው ብቻ ነው" የሚል ነው። ለመፎከር ከዚህ የተሻለ ቁጥር ከየት ይገኛል? ዱታ ይሄን ቁጥር ትቶ ድሉን ውድ አደረገው። ሬሳ ጨመረበት። እናቶችን፣ ሙሽሮችን፣ እጮኛዎችን ጨመረበት። ታሪክን አጣምሟል፣ አዎ። ያጣመመው ግን ድሉ ጣፋጭ እንዳይሆን በሚያደርግ አቅጣጫ ነው።

ስለ ሴቶቹ ብዙ አልናገርም፤ አብዛኛው ልክ ነው። "ቦርደር" ውስጥ ሴቶቹ ይሸኛሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ያለቅሳሉ። አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ። ታቡ የሻለቃው ሚስት ሆና ባሏ ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወር ትፈልጋለች። ባሏ ይቆጣታል። ፊልሙ ግን ሞኝ አያደርጋትም። የፈራችው ነገር ምን እንደሆነ ቀሪው ፊልም በሙሉ ያሳየናል።

አሁን ስለ ውድቀቶቹ። ህንድና ፓኪስታን በ1999 ካርጊል ተራሮች ላይ ስላደረጉት ጦርነት የሚያወራው "ኤልኦሲ ካርጊል" በ2003 ዲሴምበር ሲወጣ ርዝመቱ 255 ደቂቃ ነበር። ከአራት ሰዓት በላይ። ሰው ሰለቸ፣ ሂሳቡም አልወጣም። ይሄን እቀበላለሁ። ጸሐፊው ግን የወጣበትን ጊዜ አላዩም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ህንድና ፓኪስታን ድንበሩ ላይ ተኩስ አቁመዋል። በጃንዋሪ ደግሞ መሪዎቹ ኢስላማባድ ላይ ተገናኙ። ሕዝቡ ስለ ሰላም በሚያወራበት ወር የወጣ የጦርነት ፊልም ነው። ጸሐፊው እንደሚሉት ጥላቻን እየሸቀጠ የሚኖር ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ገበያውን ያነብ ነበር።

ስለ ርዝመቱም የምለው አለኝ። አጎቴ ሐረር የጦር አካዳሚ የተማሩ ናቸው። አካዳሚውን ያቋቋሙት የህንድ መኮንኖች እንደነበሩ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ አጎቴ ስለ እነዚያ አስተማሪዎቻቸው ሲያወሩ ዛሬም ቁጭ ብለው አይደለም፣ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው ነው። "ኤልኦሲ"ን ቤት አብረን ስናይ ሁለት ሰዓት ሲሞላ እኔ ሰልችቶኝ ተነሳሁ። እሳቸው አልተነሱም።

"ቁጭ በል" አሉኝ። "ስም እየተጠራ ነው። ስም እየተጠራ አይወጣም።"

ያኔ ነው የገባኝ። ፊልሙ አንድ ጀግና የለውም። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል፣ ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው ተራራ ይሄዳል። ግሬናዲየሮቹ፣ ጉርካዎቹ፣ ራጅፑታና ራይፍል፣ የጃሙና ካሽሚር ራይፍል። ካርጊል ላይ ህንድ በይፋ ያመነችው የሞተ ሰው ብቻ 527 ነው። ዱታ የቻለውን ያህል ስም መጥራት ፈለገ። ከነዚያ አንዱ ካፒቴን ቪክራም ባትራ ነው፤ በ24 ዓመቱ ሞተ። በ2021 ስለ እሱ ብቻ "ሸርሻህ" የሚባል ፊልም ተሠርቶ በጣም ተወደደ። አንድ ፊት፣ አንድ ፍቅር፣ አንድ ሞት ስላለው ለማየት ይቀላል። የዱታ ምርጫ ለተመልካች ከባድ ነው። ፊልሙን አላዳነውም። ዘመን ያለፈበት ሰው ምርጫ ነው ማለት ግን ልክ አይደለም፤ ለሞቱት የተሰጠ ክብር ነው።

"ፓልታን" (2018) ላይ ብዙም አልሟገትም። ቻይናውያኑን የሣለበት መንገድ ያሳፍራል፤ አንድ መፈክር ደጋግመው የሚጮሁ ሰዎች አድርጓቸዋል። ንግግሩም ያረጀ ነው። ርዕሰ ጉዳዩ ግን የራሱ የዱታ ነው። በ1967 ሲኪም ውስጥ ናቱ ላ በሚባል ተራራ መተላለፊያ ላይ የህንድ ወታደሮች ድንበሩ ላይ የሽቦ አጥር ሊዘረጉ ሲሉ የተነሳ ግጭት ነው። እዚያና ቾ ላ ላይ 88 ያህል ህንዳውያን ሞተዋል። ህንድ ውስጥ ራሱ ብዙ ሰው የማያውቀው ታሪክ ነበር። እንደገና መስመር፣ እንደገና በመስመር ምክንያት የሞተ ሰው።

መንገድ ጠራጊነቱስ? የህንድ የጦርነት ፊልም በዱታ አልተጀመረም። ቼታን አናንድ በ1964 "ሃቂቃት"ን ሠርቷል፤ ከቻይና ጋር ስለተደረገው የ1962 ጦርነት፣ ያውም ህንድ ስለተሸነፈችበት። ዱታ የዚያ መንገድ ተከታይ ነው። ከ2019ኙ "ኡሪ" ወዲህ ያለው ፊልም ሌላ ነገር ነው። እዚያ ወታደሩ ምሽት ላይ ሄዶ፣ መትቶ፣ ይመለሳል፤ ተመልካቹ አብሮ ይፎክራል። ዱታ ዘንድ ወታደሩ ይቀመጣል፣ ይጠብቃል፣ ቤቱን ያስባል። የኋለኞቹ ከ"ቦርደር" የወሰዱት ሻለቃውን ሆኖ የሠራውን የሰኒ ዲኦልን ጩኸት ነው። ለወታደሩ ከቤት የሚመጣውን ደብዳቤ ትተውታል። "ቦርደር 2" ራሱ በሌላ ዳይሬክተር፣ በአኑራግ ሲንግ ነው የተሠራው፤ የዱታ ልጅ ኒዲ ከፕሮዲውሰሮቹ አንዷ ናት። ልጆች የሚያደርጉትን ሁሉ በአባት ላይ መጫን አይገባም።

ሁለተኛውን ነጥብ ሆን ብዬ ለመጨረሻ አቆየሁት። ጸሐፊው ዱታ ጥላቻ ይሰብካል ይላሉ።

ያለውን ልበል። "ቦርደር" ውስጥ ያሉት የፓኪስታን መኮንኖች በቀላሉ የተሣሉ ናቸው። ይፎክራሉ፣ ይንቃሉ፣ ከዚያ ይሸነፋሉ። የሰኒ ዲኦል አንዳንድ ንግግሮች ለጭብጨባ የተጻፉ ናቸው። ይሄን አይቶ ተናዶ የወጣ ሰው እንዳለ አልክድም።

ግን ሰው ፊልሙን ሲያስታውስ ምን ያስታውሳል? እኔ ያየሁበትን ቀን ልንገራችሁ። የባድመ ጦርነት የተነሳ ሰሞን ነው። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበረች። አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተን ነው የምንቀመጠው፤ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዷል። አንዲት እናት እዚያው በር ላይ ሻይ ያፈላሉ። እማማ ነው የምንላቸው። ልጃቸው ግንባር ነው።

ፊልሙ እዚያ ዘፈን ላይ ደረሰ። በረሃው ውስጥ ላሉት ወታደሮች ፖስታ ይመጣል። አንዱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያነባል፣ ሌላው ደብዳቤውን ደረቱ ላይ ይዞ ይንጋለላል። የሚዘፍኑት ቤት መቼ እንደሚመለሱ ነው። ጃቬድ አክታር ነው ግጥሙን የጻፈው፤ ሶኑ ኒጋምና ሩፕ ኩማር ራቶድ ይዘፍኑታል። እኛ ቃሉ አይገባንም። እማማ ማንቆርቆሪያቸውን እንደያዙ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው ገቡ።

"ምን እያሉ ነው?" ብለው ጠየቁ።

ፊልሙን አስቀድሞ ያየ አንድ ልጅ "ከቤት ደብዳቤ መጥቶላቸው ነው፣ እማማ" አላቸው።

ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጡት። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆሙ። ዘፈኑ ረጅም ነው። እስኪያልቅ ድረስ አልተንቀሳቀሱም። ሻይ የጠየቀ ሰውም አልነበረም። ያን ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ ፓኪስታንን የጠላ ሰው አላየሁም። ሁላችንም ያሰብነው የእማማን ልጅ ነው።

ያው ፊልም ውስጥ ማቱራ ዳስ የሚባል ወታደር አለ። ሚስቱ ካንሰር ይዟታል። ፈቃድ ሲሰጠው ደስታው ይገነፍላል፣ ጓደኞቹ ግን ጦርነት ፊት ናቸው። አዛዡ በዚህ ይቆጣዋል። ሰውየው ይሄዳል፣ ከዚያ ተመልሶ መጥቶ ይሞታል። ይሄንን ያየ ሰው ጦርነት ይናፍቃል? ሌላም ትዕይንት አለ። አንድ የሙስሊም ቤት ሲቃጠል፣ ከህንድ ወታደሮች አንዱ እሳቱ ውስጥ ገብቶ ቁርኣኑን ያወጣል። ጠላትህ ሙስሊም ነው ብሎ የሚሰብክ ሰው ይሄን ፊልሙ ውስጥ አያስገባም።

ፊልሙ የሚያልቅበትን ደግሞ ተመልከቱ። ድሉ ተገኝቷል። ፎካሪ ፊልም ቢሆን ባንዲራና ጭፈራ ነበር የሚከተለው። ዱታ ያስገባው "ጠላቴ፣ ወንድሜ፣ ጎረቤቴ" እያለ የሚጣራ ዘፈን ነው። የተቃጠለ ታንክና የወደቀ ሰው እያሳየን፣ ይሄ ለምን ሆነ ብሎ ማዶ ያለውን ሰው ይጠይቃል። ሃሪሃራን ለዚህ ዘፈን የህንድ ብሔራዊ የፊልም ሽልማት በድምፃዊነት ተሸልሟል። ጸሐፊው ስለ "ቦርደር" ብዙ ገጽ ጽፈው ስለ መጨረሻው ዘፈን አንድ ቃል አላሉም። ፊልሙ ሳያልቅ የወጣ ሰው የጻፈው ይመስላል።

ከሁሉ በላይ ያዘንኩት ግን ጸሐፊው "ሬፊውጂ"ን አንድም ቦታ አለመጥቀሳቸው ነው። ዱታ ከ"ቦርደር" በኋላ፣ አገሩ በሙሉ ሌላ "ቦርደር" ሲጠብቅ፣ በ2000 የሠራው ፊልም ይሄ ነው። አቢሼክ ባቻንና ካሪና ካፑር የጀመሩት በዚህ ነው። ታሪኩ ስለ ማን ነው? በ1947 ህንድ ስትከፈል ከቢሃር ተነስተው ምሥራቅ ፓኪስታን ስለገቡ ሙስሊሞች ነው። በ1971 ያ አገር ባንግላዴሽ ሲሆን አገር አልባ ሆነው ቀሩ። እንግዲህ አንድ ቤተሰብ ከዳካ ተነስቶ፣ ህንድን አቋርጦ፣ በኩች የጨው በረሃ በኩል ፓኪስታን ሊገባ ይሞክራል። የሚያሻግራቸው ወጣት ስም የለውም። "ስደተኛ" ነው የሚባለው። አሻጋሪ፣ ደላላ፣ የሌሊት ጉዞ፣ በረሃ፤ ይሄን ታሪክ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም።

አሁን ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን አስቀምጡ። "ቦርደር" የ1971 ጦርነት ነው፣ ህንድ ያሸነፈችበት። "ሬፊውጂ" የዚያው የ1971 ጦርነት ትራፊ ነው፣ ቤት ያጡት ሰዎች። አንድ ዳይሬክተር አገሩ የፎከረችበትን ጦርነት ሠርቶ ሦስት ዓመት ትንሽ እንዳለፈው፣ በዚያው ጦርነት ከተጎዳው ወገን ጋር በእግሩ በረሃ አቋረጠ። ፊልሙ ውስጥ ክፉ ሰዎች አሉ፤ ከማዶ የሚመጣ የሽብር ሴራም አለ። ግን ዋናው ዘፈኑ ወፍን፣ ወንዝንና ነፋስን ድንበር አያቆማቸውም የሚል ነው። ለዚህም ጃቬድ አክታር እንደገና ብሔራዊ ሽልማት አግኝቷል።

መጨረሻው ላይ ካሪና የምትሠራት ናዝ ምጥ ይይዛታል። የምትወልደው ድንበሩ ላይ ነው። ከወዲህ በሱኒል ሼቲ የተሠራው የህንድ ድንበር ጠባቂ አለ። ከወዲያ በጃኪ ሽሮፍ የተሠራው የፓኪስታን መኮንን አለ። "ቦርደር" ውስጥ አንድ ወገን ሆነው የተዋጉት ሁለቱ ተዋናዮች እዚህ በሁለት ወገን ቆመዋል። ሕፃኑ ያለቅሳል። ሁለቱ ወታደሮች ይሄ ልጅ የየትኛው አገር ዜጋ ነው ብለው ይነጋገራሉ።

ይሄን ትዕይንት ጸሐፊው ያዩት አይመስለኝም። ካዩት በኋላ ስለ ዱታ እንደገና ቢጽፉ፣ አሁንም ባንስማማ እንኳ፣ መጀመሪያ የማነበው እኔ ነኝ።